ሰም ተቀብቶ የሚጣበቅ ወለል፦ አሮጌ ጣውላና ፓርኬ እንዴት ይጸዳል፣ እንዴት ይወለወላል

ዓርብ ሰም ይቀባል። እሑድ እንግዳ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ካልሲ ወለሉ ላይ ይይዛል፣ የጫማ ዳና በየቦታው ታትሟል፣ ጥጉ ላይ ቢጫ ነገር ተጋግሯል። የቤቱ ሰው "ሰሙ አነሰው መሰለኝ" ይልና ሌላ ይደርብበታል።

አላነሰውም። በዝቶበታል። በዚያ ላይ ከሥሩ ያለው የቆየ ሰም አልወጣለትም።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ በድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ብሎ በተሠራ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎኑ ጣውላ ነው፤ ሁለቱ መኝታ ክፍሎች ፓርኬ ናቸው። ሦስቱንም በየተራ አበላሽቻቸዋለሁ። አንዱን በውሃ፣ አንዱን በላምባ፣ አንዱን በሰም ብዛት። ከዚህ በታች ያለው ሦስቱንም ካስተካከልኩ በኋላ የምሠራበት ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ።

ከሁሉ በፊት፦ ወለላችሁ ምን ለብሷል?

ይህን የዘለለ ሰው የቀረውን ባያነብ ይሻላል። ቫርኒሽ ላይ የሚሠራውና ሰም ላይ የሚሠራው የተለያየ ነው። ከበር ኋላ ወይም ከአልጋ ሥር፣ ዓይን የማይገባ ቦታ ምረጡና ሦስት ነገር ሞክሩ።

1. በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ጥፍር ሥር ግራጫ፣ ለስላሳ ነገር ከገባ ሰም ነው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ቅርፊት ከተነሣ ቫርኒሽ ነው።
2. አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበትና 10 ደቂቃ ጠብቁ። ሲጠረግ ነጣ ያለ ጥላ ከተወ ሰም ነው። ውሃው ወዲያው ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ወለሉ ራቁቱን ነው። ምንም ምልክት ካልተወ ቫርኒሽ ሳይሆን አይቀርም።
3. ነጭ ጨርቅ ተርፔንታይን አስነክታችሁ እሹት። ጨርቁ ቡናማ ወይም ቢጫ ይዞ ከተነሣ ሰም አለበት።

ቫርኒሽ ከሆነ ሰም አትቀቡ። ሰሙ ወደ እንጨቱ አይገባም፤ ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ያንሸራትታል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን አዲስ ቫርኒሽ ልቀባ ስትሉ ቀለሙ አልይዝ ይላል። ቫርኒሽ ያለበትን ወለል እርጥበቱ በተጨመቀ ጨርቅ ማጽዳት ይበቃል። መሐሉ ተበልቶ ዳር ዳሩ ላይ ብቻ ቫርኒሽ የቀረው ወለል ግን በባለሙያ መፋቅ አለበት። እሱም ቢሆን ፓርኬው ስንት ጊዜ እንደተፋቀና ምን ያህል ውፍረት እንደቀረው ሳይታይ አይጀመርም።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ሰም ለለበሰ ወይም ራቁቱን ለሆነ ወለል ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ጨርቅ በብዛት። አሮጌ ካናቴራና አንሶላ፣ ጥጥ ብቻ። ናይለን የተቀላቀለበት ጨርቅ ላዩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ሰም አይመጥም። ለአንድ ክፍል 15 ቁራጭ አዘጋጁ። "አምስት ይበቃኛል" ያለ ሰው ያነሣውን ቆሻሻ መልሶ ይቀባል።

ተርፔንታይን። ቀለም መሸጫ ሱቅ ገብታችሁ አኳራጅ ብትሉ ይገባቸዋል። ናይትሮ ቲነር ቢሰጧችሁ ግን መልሱ። እሱ ኃይለኛ ነው፤ ሽታውም በዝግ ቤት ውስጥ አይቻልም።

ስስ የብረት ሱፍ፣ ቁጥሩ 000 ወይም 0000 የሆነ። የድስት ሽቦ አይሆንም፤ እንጨቱን ይቧጭራል። ካጣችሁ አረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይሠራል፣ ጫን ሳትሉት።

ከዚህ ሌላ፦ ትልቅ የጫማ ብሩሽ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ የፕላስቲክ ስፓቱላ፣ ጓንት፣ ክዳን ያለው ጣሳ፣ ለጉልበታችሁ ትራስ። ትራሱን አትናቁት፤ ሥራው ከግማሽ በላይ በጉልበት ነው።

አጠገቡ የማይደርሱ ዕቃዎችም አሉ። በረኪና፣ የዱቄት ሳሙና፣ የሽንት ቤት አሲድ፣ የእንፋሎት ማጽጃ። የምግብ ዘይትም እንዲሁ። ዘይት ቀብቶ "እንዴት አበራ!" የሚል ሰው አይጠፋም። የምግብ ዘይት በደንብ አይደርቅም። አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል፣ በሁለተኛው ወር ይሙለጨለጫል።

መቼ ይሠራል?

እንጨት በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰም የቀባ ሰው እርጥበቱን ከሥር ቆልፎበታል። ጥሩው ጊዜ ዝናቡ ቆሞ መሬቱ ከጠፈፈ በኋላ ነው፤ እኔ ጥቅምት አጋማሽ ላይ እጀምራለሁ። አራት በአራት ሜትር ለሆነ ክፍል ሁለት ሙሉ ቀንና በመካከል አንድ ሌሊት ያዙለት፤ ለሁለተኛው ዙር ሰም ደግሞ ሦስተኛ ቀን። የበዓል ዋዜማ ላይ አትጀምሩ። ሰው ሲቸኩል ሰም ያበዛል።

ደረጃ 1፦ ክፍሉን ባዶ አድርጉና ወለሉን መርምሩ

ዕቃ ሁሉ ይውጣ። ቁም ሳጥን ከሆነ ለሁለት ይነሣ፣ አይጎተት። ከዚያ የስልካችሁን መብራት መሬት ላይ አጋድማችሁ አብሩ። ብርሃኑ ወለሉን እየላሰ ሲሄድ ጭረቱ፣ የተጋገረው ሰም፣ ቀና ያለው ምስማር ሁሉ ጥላ ይጥላል።

*ምስማር።* ራሱ ብቅ ያለ ካለ ጫፉ የደነዘዘ ሌላ ምስማር ላዩ ላይ አቁማችሁ በመዶሻ ወደ ውስጥ ስደዱት። ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል ይበቃል። ካልሆነ የብረት ሱፉን ይበጣጥሰዋል፤ እጃችሁንም አይምርም።

*የሚጮህ ጣውላ።* ከሥር ከተሸከመው ሞራሌ ተላቋል ማለት ነው። ሞራሌው የት እንዳለ የምስማሮቹ ረድፍ ያሳያችኋል። ከአሮጌው ምስማር ጎን መጀመሪያ በመሰርሰሪያ ቅደዱ፣ ከዚያ ብሎን አስገቡ። ሳትቀዱ ብትመቱበት የደረቀ ጣውላ ይሰነጠቃል።

*የተነቀለ ፓርኬ።* አውጡት። ከሥሩ ያለውን አሮጌ ማጣበቂያ ፋቁ፤ ብዙ ጊዜ ጥቁር ሬንጅ ነው፣ ቪናቪል (ነጩ የእንጨት ማጣበቂያ) ደግሞ ሬንጅ ላይ በደንብ አይዝም። ከሁለቱም ወገን ካጸዳችሁ በኋላ ቪናቪል ስስ አድርጋችሁ ቀቡና መልሱት። ላዩ ላይ ላስቲክ አንጥፋችሁ ሙቀጫ ወይም ውሃ የሞላ ጄሪካን እስከ ማግስቱ ጫኑበት።

*ምስጥ።* ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ እያንኳኳችሁ ሂዱ። የባዶ ቅል ድምፅ ካሰማ ጫፉን ጫን አድርጉ። ከገባ ቁሙ። መሠረቱ ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁም ቁሙ። መጀመሪያ ምስጡ ይታከም። ሰም ምስጥ አያባርርም።

*የአየር ቀዳዳ።* ይህን ማንም አያየውም። አሮጌ ቤቶች ከውጭ፣ ከመሠረቱ ድንጋይ ላይ፣ ከወለሉ ሥር አየር የሚያስገቡ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሏቸው። እኔ ግቢውን ሲሚንቶ ሳስደርግ ሁለቱን ደፈንኳቸው። ሁለት ክረምት አለፈ። በመስኮቱ ሥር ያሉት ጣውላዎች ዳርና ዳራቸው ወደ ላይ ተነሥቶ መሐላቸው እንደ ትሪ ጎደጎደ። እኔ ደግሞ ሰም ነው ያነሰው ብዬ እቀባለሁ! ቀዳዳዎቹን አስከፍቼ አንድ በጋ ሲያልፍ አብዛኞቹ ተመለሱ። ሁለቱ አልተመለሱም። ወጥታችሁ መሠረታችሁን እዩ።

ደረጃ 2፦ ደረቅ ጽዳት

አሸዋ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ሳይጠረግ የታሸ ወለል በራሱ አቧራ ይቧጨራል። ለስላሳ መጥረጊያ ይዛችሁ ሁለት ጊዜ ጥረጉ፤ ቫኪዩም ካላችሁ የሚሽከረከረውን ብሩሹን አጥፉት። ዞኮሎው (ግድግዳው ግርጌ ያለው ጠርዝ) ሥር ያለውንና በጣውላዎቹ መካከል ያለውን በጥርስ ብሩሽ አውጡ። በቢላ ጫፍ አይደለም፤ ቢላ የጣውላውን ከንፈር ይሸርፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዳር ዳሩ በአሮጌ የዘይት ቀለም የተቀባ ወለል ካላችሁ ቀለሙን በደረቁ አትፈግፍጉ። የጥንት ቀለም ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፣ አቧራው ደግሞ ለልጆች አደገኛ ነው።

ደረጃ 3፦ አሮጌውን ሰም አውጡ

ሥራው ይኸውና። ሌላው ሁሉ ዳር ዳሩ ነው።

መስኮቱን ሁሉ ክፈቱ። በአቅራቢያው የሚነድ ነገር እንዳይኖር፦ ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራ፣ የዕጣን ማጨሻ፣ የጎረቤት ክፍል የጋዝ ምድጃ ሁሉ ይጥፋ። የተርፔንታይን ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል። ልጆች ውጭ ይጫወቱ።

ከበሩ ርቆ ካለው ጥግ ጀምሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ብቻ ያዙ።

1. ጨርቅ በተርፔንታይን አርጥባችሁ ወለሉን አብሱ። ወለሉ ይርጠብ እንጂ አይዋኝ። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ተዉት። እንዲደርቅ አትፍቀዱ።
2. በብረት ሱፍ እሹ፣ ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ። ፓርኬ ከሆነ እያንዳንዷ ቁራጭ የራሷ አቅጣጫ ስላላት ቀለል አድርጋችሁ እሹ። ጭቃ የመሰለ ነገር ሲወጣ ታያላችሁ።
3. ጭቃው ሳይጠነክር ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ አንሡት። በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ ራሳችሁ። ጨርቁን እያጠፋችሁ ንጹሕ ገጽ አምጡ። ስምንቱም ገጽ ሲያልቅ ጣሉት።
4. አዲስ ጨርቅ አርጥባችሁ ድገሙ። የመጀመሪያው ጨርቅ የቡና አተላ ይመስላል፣ ሁለተኛው ሻይ፣ ሦስተኛው ገለባ። ገለባ ሲመስል በቃ።

የኔ ሳሎን በሩ አጠገብ አራት ዙር ፈጅቷል፤ ሶፋው ሥር አንድ ብቻ። ስለዚህ ሁሉንም ቦታ እኩል አትሹ። ጨርቁ ይንገራችሁ።

የተጋገረው ጥግ በተርፔንታይን ብቻ አይሄድም። አርጥባችሁ አሥር ደቂቃ እርጥብ ጨርቅ አልብሱት፣ ከዚያ በፕላስቲክ ስፓቱላ ገፍታችሁ አንሡት።

*ጨርቁን የት ትጥላላችሁ?* ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትከምሩት። ግቢ ውስጥ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ ይድረቅ፣ ወይም ውሃ ባለው ጣሳ ከትታችሁ ክደኑት። በተለይ የተልባ ዘይት ያለበት ሰም የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተከመረ ራሱን አሙቆ ሊነድ ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። የተረፈውን ተርፔንታይን ደግሞ ሽንት ቤት አትድፉ።

*የብረት ሱፍ ብናኝ።* በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ውሃ ሲነካው ዝጎ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወለሉ ላይ አንሸራትቱ። ምን ያህል እንደሚሰበስብ ስታዩ ትገረማላችሁ።

አሁን በውሃ የሚለቀቀው እድፍ ይቀራል። ግማሽ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና። ጨርቁን ነክራችሁ እስክትችሉ ጭመቁት። ከዚያ በአንድ እጅ እንደገና ጨብጡት። ጠብታ ከወረደ ገና ነው። አንድ ሜትር አብሱ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

እኔ አንድ የፋሲካ ሰሞን ባልዲውን ደፍቼ በመጥረጊያ እየገፋሁ አጥቤዋለሁ፣ እንደ ሲሚንቶ ወለል። የመኝታ ክፍሉ ፓርኬ በሦስተኛው ቀን መሐሉ ተነፍቶ እንደ ድንኳን ቆመ። ሃያ ሁለት ቁራጭ ነቅዬ አድርቄ መልሻለሁ።

ሌሊቱን መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ ይደር።

ደረጃ 4፦ እድፍ

ነጭ ክብ ያለው ሰሙ ውስጥ ነው፤ ከሰሙ ጋር ሄዷል። የሻማ ጠብታ ካለ በረዶ በላስቲክ አድርጋችሁ አቀዝቅዙት፣ ሲሰበር አንሡት፣ ቅሪቱን በተርፔንታይን እሹ። ወጥ ወይም ቅቤ የጠጣ ቦታ በተርፔንታይን ታሽቶ ደረቅ ሰጋቱራ ተነስንሶበት ይደር፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል።

የከሰል ፍንጣሪ ያቃጠለውን በቢላ ስለት ቀስ አድርጋችሁ ጥቁሩን ብቻ ፋቁ፣ ከዚያ በቁጥር 150፣ ቀጥሎ በ220 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ትንሽ ጎድጎድ ይላል፤ ከቃጠሎው ይሻላል።

ጥቁር እድፍ ሌላ ነገር ነው። እንጨት ውስጥ ያለው ታኒን ከውሃና ከብረት ጋር ተገናኝቶ የሚፈጥረው ቀለም ስለሆነ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የሚያነጣው ኦክሳሊክ አሲድ ነው። መርዝ ነው፤ ጓንትና መነጽር ይፈልጋል፣ ብናኙ አይተነፈስም፣ ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፣ ሲያበቃም በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ይነሣል። ልጅ ባለበት ቤት አልመክርም። የኔ ሳሎን የአበባ ማሰሮ የተወው የምጣድ አክንባሎ የሚያህል ጥቁር ክብ አለበት። ተውኩት። ምንጣፍ ለምን ተፈጠረ?

ደረጃ 5፦ ክፍተትና ቀዳዳ

በጣውላዎች መካከል ያለ ክፍተት ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከሆነ አትንኩት። በበጋ በስቱኮ የደፈነ ሰው ክረምት ሲገባ እንጨቱ አብጦ ስቱኮውን ሲተፋው ያያል። ካልተፋው ደግሞ ጣውላው ራሱ ይነሣል።

የምስማርና የብሎን ቀዳዳ ግን ይደፈናል። ከዚያው እንጨት የወጣ ሰጋቱራ በቪናቪል ለውሳችሁ ሙሉት። ዳሩ ላይ የፈሰሰውን ማጣበቂያ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ አንሡት፤ ቪናቪል የጠጣ እንጨት ሰም አይቀበልም፣ ነጣ ብሎ ይቀራል።

ደረጃ 6፦ ሰሙን አዘጋጁ

የምትገዙ ከሆነ ለእንጨት ወለል የተዘጋጀ፣ በጣሳ ያለ ሊጥ የመሰለ ሰም ግዙ። "ያለ መወልወል ያበራል" የሚለውን ፈሳሽ ተዉት፤ እሱ ሰም ሳይሆን ፕላስቲክ የመሰለ ሽፋን ነው፣ ሲያረጅ ለማውጣት መከራ ነው። የጫማ ቀለምም አይሆንም። ካልሲያችሁ ይመሰክራል።

ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ መጠኑ 100 ግራም ንጹሕ የንብ ሰም፣ 300 ሚሊ ሊትር ተርፔንታይን ነው። ሰፈፍ ከሆነ የያዛችሁት መጀመሪያ አጣሩት፦ ውሃ ውስጥ አቅልጡ፣ በጨርቅ አጥሉ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከታች የተጣበቀውን ቆሻሻ ፋቁ። ሁለት ጊዜ። ሻማ ማቅለጥ አቋራጭ ይመስላል፤ የሱቅ ሻማ ግን በአብዛኛው ፓራፊን ነው። ብቻውን ወለል ላይ ለስላሳ ይሆናል፣ ያንሸራትታል።

1. ውሃ አፍሉና ድስቱን ከምድጃው አርቃችሁ ደጅ አውጡት። እሳት እዚያ፣ ሰሙ እዚህ።
2. ሰሙን በቢላ ከትክታችሁ ጣሳ ውስጥ ጨምሩ፣ ጣሳውን ሙቅ ውሃው ውስጥ አቁሙ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ባለው ይቀልጣል። ስለዚህ ሙቅ ውሃ ብቻ ይበቃዋል። ከቀዘቀዘ ውሃውን ለውጡ እንጂ ጣሳውን እሳት ላይ አትጣዱ።
3. ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ ጣሳውን አውጡና ተርፔንታይኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ አማስሉ።
4. ይቀዝቅዝ። ለጋ ቅቤ ከመሰለ ሆነ ማለት ነው። እንደ ሻማ ከጠነከረ በሙቅ ውሃ መልሳችሁ ተርፔንታይን ጨምሩ። እንደ እርጎ ከቀጠነ ሰም ጎድሎታል።

ላምባን በተርፔንታይን ቦታ አታግቡት። ርካሽ ነው፣ እናቶቻችንም ሠርተውበታል። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ቅባቱ ላዩ ላይ ይቆያል። እኔ በላምባ የቀባሁ ዕለት አክስቴ ተንሸራትተው የእጃቸው አንጓ ወለም አለ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሲመጡ ጫማቸውን ሳያወልቁ ግድግዳ ይዘው ነው የሚሄዱት።

ደረጃ 7፦ ቀቡ፣ ግን ስስ

አንድ ሊስትሮ ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ቀለሙን በጣቱ ጫፍ ነው የሚነካው። በጨርቅ ያስገባዋል፣ ይተወዋል፣ ከዚያ ብሩሽ። ጫማ ላይ ቀለም ቢቆልል ኖሮ ደንበኛ አይኖረውም። ወለልም እንደዚያው ነው።

1. የሎሚ ያህል ሰም ወስዳችሁ በሁለት እጥፍ የጥጥ ጨርቅ ቋጥሩት፣ ልክ እንደ ቅመም ቋጠሮ። ሰሙ በጨርቁ ሽመና በኩል ብቻ ይወጣል፤ ልታበዙት ብትፈልጉም አይፈቅድላችሁም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ቋጠሮውን ያዙ።
2. ከሩቁ ጥግ ጀምራችሁ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ መጀመሪያ በክብ እሹ፣ መጨረሻ ላይ በእንጨቱ መስመር ሳቡት።
3. መብራታችሁን አጋድማችሁ እዩ። መስታወት ላይ እንደተነፈሰ ጉም ከመሰለ ልክ ነው። ነጭ ክምር ወይም የጨርቅ ዱካ ካለ በዝቷል፤ አሁኑኑ በንጹሕ ጨርቅ አንሡት።
4. ወደ በሩ እየተመለሳችሁ ጨርሱ።

16 ካሬ ሜትር ለሆነ ክፍል የመጀመሪያው ዙር ከ250 እስከ 300 ግራም ይፈጃል። ግማሽ ኪሎ ከሄደ አብዝታችኋል። ጠዋት ብርድ ከሆነና ሰሙ ከጠነከረ ጣሳውን ፀሐይ ላይ አስቀምጡት።

ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ፤ ብርድ ቀን እስከ አንድ ሰዓት። በጣታችሁ ንኩት። ዱካ ይተዋል ግን አይጣበቅም፤ ያኔ ደርሷል። እርጥብ እያለ ከወለወላችሁት ሰሙን ከቦታ ቦታ ማዞር ብቻ ነው የሚሆነው።

ደረጃ 8፦ ወልውሉ

መጀመሪያ በብሩሽ፣ በእንጨቱ መስመር፣ ፈጠን ፈጠን እያላችሁ። ፍጥነት ሙቀት ይፈጥራል፤ ሰሙን የሚያለሰልሰውና የሚያበራው ሙቀቱ ነው። ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ። ክፍሉ ሰፊ ከሆነ ጡብ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ገመድ እሰሩበትና ጎትቱት። የኛ ቤት ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ ብርድ ልብሱ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ እጎትታለሁ። ክብደቱ ልክ ነው። ችግሩ ሥራው ካለቀ በኋላም አልወርድም ይላል።

ሁለተኛ ዙር በማግስቱ፣ በግማሽ መጠን፣ ሰው በሚመላለስበት መስመር ብቻ። ሦስተኛ ዙር የለም። ምንጣፍ ለአንድ ሳምንት አትመልሱ። ዕቃ ስትመልሱ አንሡ።

ሲበላሽ

*ይጣበቃል።* ሰሙ በዝቷል፣ ወይም ሳይደርቅ ተደርቧል። ጨርቅ በተርፔንታይን ነክታችሁ፣ ጨምቃችሁ፣ በእንጨቱ መስመር አንድ ጊዜ ሳቡበት። ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ወልውሉ። አሁንም ከያዘ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ያማል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

*ደብዛዛ ነው።* መወልወሉ አልበቃውም። ሰም አትጨምሩ። ብሩሽ ያዙ።

*አንዱ ቦታ ያበራል፣ አንዱ አያበራም።* አሮጌ ሰም ያልወጣበት ወይም እንጨቱ የጠማው ቦታ ነው። ጣታችሁን ሳቡበት። ከሻከረ ጠምቶታል፤ እዚያች ቦታ ብቻ ስስ ዙር ጨምሩ። ካሟለጨ አሮጌ ሰም ነው።

*ያንሸራትታል።* ወፍራም ነው። በተለይ አረጋውያን ባሉበት ቤት ይህን ለነገ አታሳድሩ፤ እንደሚጣበቀው አድርጋችሁ አሳሱት።

*ክረምት ላይ ነጣ አለ።* እርጥበት ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ከላይ የሚፈስ ወይም ከሥር የሚመጣ ውሃ ፈልጉ። ዝናቡ እስኪያቆም ሰም አትንኩ።

ከዚያ በኋላ

በየቀኑ ለስላሳ መጥረጊያ፣ በየሳምንቱ ደረቅ ጨርቅ። በሩ ላይ ሁለት ምንጣፍ፣ አንዱ ውጭ፣ አንዱ ውስጥ፤ አሸዋው እዚያ ይቅር። የወንበር እግር ላይ ወፍራም ጨርቅ ለጥፉ። በወር አንድ ጊዜ ያለ ሰም ወልውሉ። እንደገና ሰም የምትቀቡት ብሩሹ ማብራት ሲያቅተው ብቻ ነው። ሳሎን በዓመት አንዴ፣ መኝታ ክፍል በሁለት ዓመት አንዴ ይበቃዋል።

በዓል ሲመጣ ሦስት ጠላት ይገባል፦ ቄጠማ፣ ከሰልና ጀበና። ቄጠማ ያለ በዓል አይሆንም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከገበያ የሚመጣው ርጥብ ነው፤ ሰም ላይ ካደረ ጠዋት ሲጠረግ የሣሩን ቅርጽ በነጭ ጽፎ ይሄዳል። መጀመሪያ በደንብ አራግፉት፣ ከሥሩ ሰሌን ወይም ላስቲክ አንጥፉ፣ ማታውኑ ጥረጉት። ምድጃው የብረት ትሪ ላይ፣ ትሪው ደግሞ ሸክላ ወይም ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ትሪ ብቻውን ሙቀቱን አሳልፎ ሰሙን ያቀልጠዋል። ረከቦቱ አጠገብ ደረቅ ጨርቅ አኑሩ። ቡና ሲገነፍል ወዲያው ይጠረግ፣ "ቆይ አቦሉን ልቅዳ" ሳይባል።

የተረፈውን ሰም ክዳኑን ገጥማችሁ፣ ከሙቀትና ከልጅ አርቃችሁ አስቀምጡ። ጣሳው ላይ የቀባችሁበትን ቀን ጻፉ። የኔ ላይ የሁለት ጥቅምት ቀን ተጽፎበታል። ገና ሲሶው አለ።